ጎተራና ግድብ

ልጆች ሆይ፤ ብልህ ገበሬ በመከር ጊዜ ያገኘውን እህል ሁሉ በአንድ ወር በልቶ አይጨርሰውም። ከአውድማ አግብቶ በጎተራ ይከተዋል፤ አፉንም መርጎ ያኖረዋል። ክረምት ገብቶ አዲሱ አዝመራ ገና ሳይደርስ፥ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ጎተራ ነው። የከተማ ሰውም እንዲሁ ጎተራ እንዳለው ታውቃላችሁን? ጎተራውም የእህል ሳይሆን የብርሃን ነው።

አዲስ አበባን በሌሊት የሚያበራት ኤሌክትሪክ አብዛኛው የሚገኘው ከወንዝ ውሃ ነው። ውሃው ከከፍታ በቧንቧ እየተወረወረ ወርዶ ትልቅ መዘውር ይመታል። መዘውሩም ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መኪና ያዞረዋል፤ ኀይሉም በሽቦ ተጕዞ ከቤታችን ይደርሳል።

ነገር ግን በአገራችን ዝናም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚያን ጊዜ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ ያሳጣል፤ በየካቲት ግን ብዙውን ወንዝ ልጅ እንኳ በእግሩ ይሻገረዋል። ሰው ግን በበጋም መብራት ያስፈልገዋል። ሐኪሙ በበጋም ሕመምተኛ ያክማል፤ ወፍጮውም በበጋ ይፈጫል። ኤሌክትሪክ ደግሞ እንደ እህል በጆንያ ተቋጥሮ አይቀመጥም። በባትሪ ማኖር ይቻላል፤ ነገር ግን ባትሪ ለጥቂት ሰዓት ይረዳል እንጂ፥ የከተማ ሁሉ መብራት ከክረምት እስከ በጋ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ አዋቂዎች በኀይሉ ፈንታ ውሃውን ማኖርን መረጡ። ውሃው በግድብ ተይዞ ሐይቅ ይሆናል፤ በበጋም በሩ በልክ እየተከፈተ ይለቀቃል።

በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል።

ጎተራ ትልቅ ቢሆንም የሚሞላው ካልተገኘ ይጐድላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ሐይቅ ውሃ ስላነሰ፥ መብራት በፈረቃ ይታደል ጀመር። አንዱ ሰፈር ሲበራለት ሌላው በጨለማ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ብርሃኑ ከሽቦ ሳይሆን ካለፈው ክረምት ዝናም እንደ መጣ አስተዋለ።

ብልህ ሰው ደግሞ በአንድ ጎተራ ብቻ አይታመንም። በአዳማ አጠገብ በነፋስ የሚዞሩ ታላላቅ መዘውሮች ቆመዋል። ነፋሱ ኀይል በሚሰጥበት ሰዓት ከግድቡ የሚለቀቀውን ውሃ መቀነስ ይቻላል፤ ያልፈሰሰውም ውሃ ለነገ ይቀመጣል። እንግዲህ ነፋሱ ራሱ ውሃ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

የጎተራ ጠላት ነቀዝ ነው፤ የግድብ ጠላት ደለል ነው። ዛፉ የተቈረጠበት ተራራ አፈሩን ሊይዝ አይችልም። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ከሐይቁ ውስጥ ያገባዋል፤ አፈር በተኛበት ስፍራም ውሃ አይተኛም። የቆቃን ሐይቅ ከፊሉን እንዲህ ደለል ወስዶበታል። ስለዚህ በሩቅ ተራራ እርከን የሚሠራና ችግኝ የሚተክል ገበሬ፥ ለራሱ እርሻ ሲደክም የከተማውንም መብራት ይጠብቃል። የከተማውም ሰው ይህን ውለታ ሊዘነጋ አይገባውም።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ማንም በሌለበት ክፍል የሚበራ መብራት እንደ ተቀደደ ጆንያ ነው፤ የሚፈሰው ሳይታይ ይጐድላል። እርሱን የሚያጠፋ ልጅ ከሐይቁ ጥቂት ውሃ አስቀረ። አንድ ልጅ የሚያስቀረው ጥቂት ነው፤ የከተማ ልጆች ሁሉ ቢያስቀሩ ግን ብዙ ይሆናል።

ዮሴፍ በግብፅ አገር ራብ እንዳይመጣ ማድረግ አልቻለም፤ ነገር ግን በሰባቱ የጥጋብ ዓመት እህል አከማችቶ በሰባቱ የራብ ዓመት ሕዝቡን አዳነ። እኛም ዝናምን ማዘዝ አንችልም፤ የወረደውን ግን መጠበቅ እንችላለን። በጥጋብ ቀን ያልቈጠበ በችግር ቀን ይጸጸታል።

ጥያቄ።
1. አዋቂዎች በኤሌክትሪኩ ፈንታ ውሃውን ማኖር የመረጡት ስለ ምንድር ነው?
2. ነፋስ ለግድቡ ውሃ የሚረዳው እንዴት ነው?
3. በተራራ ላይ ችግኝ የሚተክል ሰው ለከተማ ምን ይጠቅማል?
4. አንተ በቤትህ የምታጠፋው መብራት የትኛው ነው?