ለጉልላት መትከያ የሚሆን ማሸጊያ አመራረጥ፦ ከግሸን አምባ የአየር ጠባይ አንጻር

በቆርቆሮ በተከደነ ክብ ቤተ ክርስቲያን ላይ፣ የምስማሩ ነገር ሌላ ሆኖ፣ ክዳኑ የግድ የሚበሳበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ጉልላቱ የሚተከልበት ጫፍ ነው። ከዚያ ቀዳዳ በታች በቀጥታ የሚገኘው ቅኔ ማኅሌቱ ወይም ቅድስቱ ሳይሆን መቅደሱ ነው። በሌላ ሕንፃ ላይ ባልዲ በማስቀመጥ የሚታለፍ ጠብታ እዚህ ታቦቱ በሚያርፍበት መንበር ላይ ይወርዳል። የብራና መጻሕፍት በዚያው በሚቀመጡበት ደብር ደግሞ ጉዳቱ የማይመለስ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት የሚዘጋጅ በመሆኑ ውኃ ሲያገኘው ይለቃልና።

በአምባሰል የሚገኘው ግሸን ደብረ ከርቤ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመርመሪያ ነው። በትውፊት ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ያረፈበት ይህ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ ዙሪያው ገደል በመሆኑም ለነፋስ የተጋለጠ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ሲታሰብ፣ በወደብ ከተማ የተሞከረ ማሸጊያ በዚህ ከፍታ ያንኑ ዕድሜ ይኖረዋል ብሎ መገመት አይቻልም። በዚህ ላይ የቀን ፀሐይና የሌሊት ቅዝቃዜ መፈራረቅ፣ የበልግ ዝናብና የሐምሌና የነሐሴ ክረምት ይጨመራሉ።

ጥያቄው በጀልባ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በጀልባ ወለል ላይ የሚታሰር የብረት ዕቃ ቡሎኑ ወለሉን በስቶ ያልፋል፤ ገመድ ይጎትተዋል፣ ማዕበል ያወዛውዘዋል፣ ውኃም በቡሎኑ ዙሪያ መንገድ ይፈልጋል። ጉልላትም በነፋስ የሚወዛወዝ፣ ጫናውን በእግሩ ላይ የሚያሳርፍ ዕቃ ነው። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ጫናውን መሸከም ያለበት ምሰሶውና ቡሎኑ እንጂ ማሸጊያው እንዳልሆነ ነው። ማስቲሽ እንዲይዘው የታሰበ ጉልላት ሲወዛወዝ ማስቲሹን ይቀደዋል።

የእንቅስቃሴው መጠን በስሌት ይታያል። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ዝርግ በግርጌው ብቻ ቢያዝና ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢለዋወጥ፣ ጫፉ ወደ 2.9 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ማሸጊያው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ካለው በዚህ እንቅስቃሴ ከነበረበት ሦስት እጥፍ ያህል መለጠጥ ይጠበቅበታል፤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 11 በመቶ ብቻ። ዳዶውን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ማሸጊያውን ጨርሶ ማስወጣት የሚያስከትለው ጉዳት ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ በቁሱ ላይ የሚሳበበው ጥፋት የአጠባበቅ ጥፋት ነው።

ከቁሶቹ በቅድሚያ የሚነሳው በርካሽነቱ የሚመረጠው ሬንጅ ነው። በቀን ይለሰልሳል፣ በሌሊት ይጠነክራል፣ ፀሐይ ሲበዛበትም ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ የገባው ውኃ ተመልሶ ስለማይወጣ ቆርቆሮው ከሥር ይዝጋል፤ ከላይ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ፖሊዩሬቴን በጣም ይይዛል፣ ቀለምም ይቀበላል፤ ነገር ግን ለፀሐይ ሲጋለጥ ገጹ ይነጣል፣ ይፈረፈራል። ከዚህም በላይ ዕቃውን እንደገና ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ቆርቆሮውን ሳያበላሽ አይለቅለትም።

ሲሊኮን ጨረርን በመቋቋም ከሁሉም ይሻላል፤ ሆኖም አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ቁሶች መሆናቸው አይዘነጋ። ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጠው ዓይነት አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ የቆርቆሮውን የዚንክ ልባስ ይበላል። ሽታው የሚገኘው ከተቀባ በኋላ ስለሆነ ገዢው በዕቃው ላይ «ገለልተኛ» የሚለውን መግለጫ አስቀድሞ መፈለግ ይኖርበታል። ሌላው ጉድለት ሲሊኮን የነካው ገጽ ከዚያ በኋላ ሌላ ማሸጊያና ቀለም በቀላሉ አለመቀበሉ ነው።

ቡቲል የተባለው ጥቅል ጎማ አይደርቅም። ሁልጊዜ ተጣባቂ ሆኖ ስለሚኖር ከዕቃው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ጉልላቱ ለእድሳት ሲወርድም በቀላሉ ይላቀቃል። ጥንካሬ የለውም፣ ግን ጥንካሬ አልተጠየቀም። በመሆኑም በጉልላቱ እግር ሥር ወፍራም የቡቲል ጥቅል፣ በውጪው ጠርዝ ላይ ደግሞ ገለልተኛ ሲሊኮን የተሻለ ጥምረት ይመስላል፤ ቡቲሉ ከፀሐይ ይጠለላል፣ ሲሊኮኑም ጠርዙ ላይ ብቻ ይወሰናል። ጉልላቱ ከመዳብ ወይም ከነሐስ ከሆነ ይህ ጥምረት ሁለቱን ብረቶች ያለያያል፤ ይሁን እንጂ ከመዳብ ላይ ወርዶ በቆርቆሮው የሚፈሰውን ውኃ አያቆምም፤ ያ ውኃ ዚንኩን መብላቱን ይቀጥላል።

በሣር ክዳን ዘመን በጣሪያው ጫፍ ላይ ሸክላ ይደፋ ነበር። ሸክላው ከምንም ጋር አልተጣበቀም፤ ውኃውን ከቀዳዳው አርቆ ያወርዳል እንጂ። ዛሬም ከላሜራ የተሠራ፣ እንደ ጃንጥላ ቀዳዳውን አልፎ የሚወርድ ቆብ በምሰሶው ላይ ቢታሰር፣ ማሸጊያው የመጀመሪያ ሳይሆን ሁለተኛ መከላከያ ይሆናል።

ጊዜውም ከቁሱ እኩል ይታሰብበት። ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ሲባል በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ የሚደረግ ጥገና ገና እርጥብ በሆነ ቆርቆሮ ላይ ይውላል፤ እርጥብ ብረት ደግሞ ቡቲልንም ሲሊኮንንም አይቀበልም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት፣ የሌሊቱ ጤዛ ከተነነ በኋላና ቆርቆሮው ሳይግል፣ ዝገቱ ተፍቆና ገጹ ተጠርጎ የተሠራ መገጣጠሚያ ቀጣዩ የበልግ ዝናብ ሲጥል ከውስጥ በኩል በባትሪ ብርሃን ሊፈተሽ ይችላል፤ ጉድለት ቢገኝበትም ከሐምሌ በፊት ለማረም ጊዜ ይኖራል።