የሞተር ሳይክል ፍጥነት መለኪያ ምን ይቆጥራል?

ሞተር ሳይክል በገጠር የትምህርት ሥራ ውስጥ የዘወትር መጓጓዣ ሆኗል። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ፣ ወደ ከላላ፣ ወደ ሳይንት ለሥራ የሚወጣ ሰው አንድም ይነዳዋል፣ አንድም ከኋላ ተፈናጦ ይሄዳል። እኛም ተመድበን ስንወጣ ዕጣችን ይኸው ነው። ስለዚህ «ጌጁ ስንት ይላል?» እና «በእውነት በስንት እየሄድን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ለየቅል መሆናቸውን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ሀ) መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ባለመርፌ በሆኑት ብዙ ሞተሮች ላይ ሥራው የሚጀምረው ከፊት ጎማ ነው። በጎማው እምብርት ያለ ጥርስ አንድ ኬብል ያዞራል፤ ኬብሉም በመለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። በማግኔቱ ዙሪያ የአሉሚኒየም ቆብ አለ፤ ሁለቱ አይነካኩም። ማግኔቱ ሲዞር በአሉሚኒየሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠርና ቆቡን ይጎትተዋል። ስስ ጥምዝ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። የሁለቱ ጉልበት እኩል በሆነበት ቦታ መርፌው ይቆማል። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልጸ በዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ የኬብሉን ቦታ ሴንሰር ወስዶታል።

ዘዴው ይለያይ እንጂ ቁም ነገሩ አንድ ነው፦ መለኪያው የሚቆጥረው የጎማ ዙር ነው፤ መንገዱን አያይም። በጠጠር ላይ ፍሬን ተይዞ የፊት ጎማ ቀጥ ቢል፣ ሞተሩ እየተንሸራተተ እንኳ መርፌው ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ለ) ለምን ያጋንናል?

የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 እንደሚለው መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት የለበትም። አብልጦ ማሳየት ግን ይችላል፤ የሚፈቀደው ብልጫ የእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛ ሲደመር 4 ኪ.ሜ. በሰዓት ነው። በእውነት 60 የሚሄድ ሞተር እስከ 70፣ 80 የሚሄድ እስከ 92 ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡን የሚከተሉ ፋብሪካዎች መርፌውን ወደ ላይ አዘንብለው ይሠሩታል።

የጎማም ነገር አለ። ከመሬት እስከ እምብርቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ቢያልቅ ዙሪያው በመቶ 2 ያንሳል፤ መርፌውም በዚያው ልክ ያጋንናል። በተቃራኒው ከፋብሪካው የበለጠ ትልቅ ጎማ ከተገጠመ መርፌው ከእውነቱ ያነሰ ሊያሳይ ይችላል። እንዲሁም ማግኔቱ በእርጅና ከደከመ ንባቡ ይወርዳል። «ጌጅ ሁልጊዜ ያጋንናል፣ ትንሽ ብጨምር ምን አለበት» የሚለው አባባል አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሐ) እንዴት እናረጋግጥ?

ሰው በሌለበት ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ የተለካ 1 ኪሎ ሜትር ይመረጣል። ነጂው መርፌውን በአንድ ቁጥር ላይ ያጸናል፤ ሰዓት የሚይዘው ከኋላ የተቀመጠው እንጂ ነጂው አይደለም። ከዚያ 3,600ን ለሰከንዱ ማካፈል ነው። 90 ሰከንድ 40፣ 60 ሰከንድ 60፣ 45 ሰከንድ 80 ኪ.ሜ. በሰዓት ይሆናል።

ርቀቱ ለምን አያጥርም? በ80 ፍጥነት 200 ሜትር የሚፈጀው 9 ሰከንድ ነው፤ ሰዓት ያዡ አንድ ሰከንድ ቢሳሳት መልሱ 72 ወይም 90 ይሆናል። በ1 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ያው ስሕተት መልሱን የሚያናጋው በ2 ኪ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው። ለመፈተን ብሎ መብረርም አያስፈልግም፤ በ40 እና በ60 የተገኘው ልዩነት ከዚያ በላይ ስላለው በቂ ግምት ይሰጣል። ዛሬ በስልክ ያለው ጂ.ፒ.ኤስ.ም ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ በገላጣ ቦታ ጥሩ ዳኛ ነው። የተገኘው ውጤት ግን የዚያ ሞተርና የዚያ ጎማ ብቻ ነው፤ ለሌላው አይሠራም።

መ) ዓይንና ጆሮስ?

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው ደጋ፣ ሜዳው ሰፊ በሆነበት፣ ከመንገዱ ዳር ሽው የሚል ዛፍም ቤትም ከሌለ ፍጥነቱ ያነሰ ይመስለናል። ለረጅም ጊዜ በ80 የሄደ ሰው ደግሞ ከተማ ሲገባ 50 እንደ እርምጃ ይታየዋል። ጆሮም አይታመንም፤ ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር አቅሙ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ በትንሽ ማርሽ እየጮኸ በዝግታ ይሄዳል፣ ቁልቁለት ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይበራል። ስለዚህ ከተማ ወይም መንደር ስንገባ ስሜታችንን ትተን መርፌውን እንይ።

ሠ) ዋናው ቁም ነገር

ነጂው ለመንቃት 1 ሰከንድ ቢወስድበት፣ ፍሬኑም በደረቅ አስፋልት በደህና ቢይዝ፣ ለመቆም በ40 ወደ 23 ሜትር፣ በ60 ወደ 44 ሜትር፣ በ80 ወደ 72 ሜትር ያስፈልጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። በፒስታ ላይ ከዚህም ይረዝማል። በክረምት ጉም የሚታየው 30 ሜትር ብቻ ከሆነ በ60 የሚነዳ ሰው ያላየው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፤ እዚያ ቦታ ደግሞ ከብት የሚነዳ እረኛ ወይም ደብተሩን የያዘ ተማሪ ሊኖር ይችላል። እንግዲህ መርፌው የሚጨምርልን ጥቂት ኪሎ ሜትር ለጥንቃቄ የተተወልን ትርፍ ነው፤ በጉልበት የምንበላው አይደለም።

ይህን ትምህርት ለማስተማር ሞተር አያሻም። የብስክሌት ወይም የጋሪ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ አንድ ዙር መሬት ላይ ማንከባለልና ርቀቱን መለካት ይበቃል፤ የዙሪያ፣ የፍጥነትና የስሕተት ትምህርት ባንድ ክፍለ ጊዜ ይገኛል።

መልመጃ፦ ዙሪያው 1.90 ሜትር የሆነ ጎማ በሰከንድ 10 ጊዜ ቢዞር ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ጎማው አልቆ ዙሪያው 1.84 ሜትር ቢሆንና በዚያው ልክ ቢዞርስ? መርፌው ልዩነቱን ያውቀዋልን? መልሱን በሚቀጥለው እትም እንለጥፋለን፤ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ ያላችሁ ጽፋችሁ ስጡን።