ከዕረፍት በኋላ ወደ ከባድ የጉልበት ሥራ መመለስ፦ በቦረና የቱላ ጉድጓዶች መነሻነት የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ዱብሉቅ፣ ቱላ ተብለው ከሚታወቁት የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አንዱ ያለበት ስፍራ ነው። በዝናብ ወራት ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ቱላዎቹ ያርፋሉ፤ ውሃ ቀጂዎቹም እንዲሁ። ደረቁ ወቅት ሲገባ ግን ወጣቶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ በዜማ እየተመሩ፣ የሞላውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ያቀብላሉ። በስፖርት ሳይንስ ቋንቋ ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም የልምምድ መቋረጥና ዳግም ጅማሮ ነው። በያቤሎ ከተማ ክብደት የሚያነሳ ወጣት በሕመም፣ በፈተና ወይም በጾም ወራት አቋርጦ ሲመለስ የሚገጥመውም ጥያቄ ከዚህ አይለይም፦ የቀድሞው ጉልበት ምን ያህሉ ቀርቷል? በምን ፍጥነትስ ቢመለስ አይጎዳም? ይህ ጽሑፍ በታተሙ የዘርፉ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ለሁለቱም መልስ ይፈልጋል።

የሚጠፋውና የሚቆየው

ልምምድ ሲቋረጥ የአካል ችሎታዎች እኩል አይቀንሱም። ቀድሞ የሚደክመው የልብና የትንፋሽ ብቃት ነው፤ የደም ፈሳሽ መጠን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ስለሚቀንስ ልብ ለተመሳሳይ ሥራ አብዝቶ ለመምታት ይገደዳል። ከሙቀት ጋር መላመድም በቶሎ የሚጠፋ ነው። የጡንቻ ጉልበት በአንጻሩ ለሦስትና ለአራት ሳምንታት ያህል ብዙም ሳይጎድል ይቆያል።

ከዚያ በኋላ የሚጠፋውም ቢሆን ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ በፍጥነት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የስታሮንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ 20 ሳምንታት ሠልጥነው ከ30 ሳምንታት በላይ ያቋረጡ ሴቶች በ6 ሳምንታት ዳግም ልምምድ ብቻ ጡንቻቸውንና ጉልበታቸውን በአብዛኛው እንዳስመለሱ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ በልምምድ ወቅት ወደ ጡንቻ ሕዋስ የገቡት ተጨማሪ ኒውክሊየሶች ጡንቻው ሲከሳም ሳይጠፉ መቆየታቸው ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 በአይጦች ላይ በተደረገ የኖርዌይ ጥናት ታይቷል። ሌላው ምክንያት ነርቮች የተማሩትን የእንቅስቃሴ ሥርዓት ቶሎ አለመርሳታቸው ነው።

አደጋው የት ነው?

አደጋው የሚመነጨው ከዚሁ መልካም ዜና ነው። ጉልበቱ ያልጠፋው ሰው ያንኑ የቀድሞ ክብደት ማንሳት ይችላል፤ ጡንቻውና ጅማቱ ግን ለተደጋጋሚ ጫና የነበራቸው ጥበቃ ላልቷል። ትንፋሹም የቀድሞው አይደለም። ከመጠን ያለፈ ጫና ሲደርስ የጡንቻ ሕዋሳት ፈርሰው ይዘታቸው ወደ ደም ይፈስሳል፤ ይህም ኩላሊትን እስከ ማድከም ይደርሳል። ከልምምድ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጠነክር ሕመም የተለመደ ነው። የጡንቻ ከፍተኛ እብጠት፣ ከሕመሙ ጋር የማይመጣጠን ድካም ወይም እንደ ቡና የጠቆረ ሽንት ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። ሰውነት ውሃ በጠማው ጊዜ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መውሰድም በኩላሊት ላይ ጉዳት ያክላል።

የአመላለስ ስሌት

እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የጥንካሬ አሠልጣኞች ማኅበራት ያወጡት የጋራ መመሪያ፣ ከዕረፍት የሚመለስ ስፖርተኛ የብቃት ልምምዱን መጠን በመጀመሪያው ሳምንት ቢያንስ በ50፣ በሁለተኛው በ30 በመቶ እንዲቀንስ ይመክራል፤ ይበልጥ ለአደጋ ለተጋለጡት ደግሞ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የ20 እና የ10 በመቶ ቅነሳ ይጨምራል። የክብደት ልምምድን በተመለከተ በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ ያሳስባል። ይህ ጽሑፍ የአራቱን ሳምንት ስሌት ለክብደትም ይጠቀምበታል።

ለምሳሌ ከማቋረጡ በፊት 100 ኪሎ ግራም ተሸክሞ በ4 ዙር 8 ጊዜ ቁጢጥ እያለ ይነሳ የነበረ ሰው ጠቅላላ ጫናው 3,200 ኪሎ ግራም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በ65 ኪሎ 3 ዙር በ8 (1,560)፣ በሁለተኛው በ80 ኪሎ 4 ዙር በ7 (2,240)፣ በሦስተኛው በ90 ኪሎ 4 ዙር በ7 (2,520)፣ በአራተኛው በ90 ኪሎ 4 ዙር በ8 (2,880) ቢሠራ በአምስተኛው ሳምንት ወደ ነበረበት ይደርሳል። የቀረው ዕዳ አንድ ወር ትዕግሥት ብቻ ነው።

ስሌቱ በጉድጓድ ውስጥ

በቱላ ግን አንድ ሰው ብቻውን ጫናውን መቀነስ አይችልም። ሥራው ቅብብል ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ዜማው ነው፤ አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ይዘገያል። መቅጃውን ባያስሞሉም ለከብቱ የሚያስፈልገው ውሃ ስለማይቀንስ የቅብብሉ ቁጥር ይበዛል። ስለዚህ ሊቀነስ የሚችለው የእያንዳንዱ ሰው የተራ ርዝመት ነው። በሙቀት ለሚሠሩ ሰዎች የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ያወጣው ምክር እዚህ ይጠቅማል፦ ሥራውን የሚያውቅ ተመላሽ በመጀመሪያው ቀን 50፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 80፣ በአራተኛው 100 በመቶ ይሠራል፤ አዲስ ገቢ ግን ከ20 በመቶ ጀምሮ በየቀኑ 20 ይጨምራል።

ለዚህ የሚሆን ሥርዓት በቦረና ቀድሞ አለ። የውሃ መጠጫውን ተራ የሚመራው አባ ኸሬጋ የመንጎችን ቅደም ተከተል ይወስናል፤ በደረቁ ወራት ከብቱ በየሦስተኛው ቀን መጠጣቱም ለቀጂው በመካከል የማገገሚያ ቀን ሊሰጥ ይችላል። በወቅቱ መግቢያ ለአንድ መንጋ የሚሰለፉትን ሰዎች ማብዛትና ተራቸውን ማሳጠር ከነባሩ አሠራር ጋር የሚጋጭ አይደለም።

የማይቀረው እንቅፋት ምግብ ነው። ወተት የሚበዛው ጉድጓዱ በሚያርፍበት የዝናብ ወራት ነው፤ ጉልበት በሚጠየቅበት ወቅት ወተቱ ይነጥፋል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ይህ ክፍተት እጅግ ሰፍቷል። ያልጠገበ ጡንቻ በስሌት ብቻ አይጠገንም፤ ስለዚህ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ወተቱ በሚጎድልበት ጊዜ ሊተኩት ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዕረፍት የሚመለስ ሰው ጉልበቱን ከሚያስበው በላይ ጠብቆ ያገኘዋል፤ የጎደለው የመቋቋም አቅሙ ነው። ስለሆነም የአመላለሱ መለኪያ በመጀመሪያው ቀን የቻለው ክብደት ሳይሆን በሦስተኛው ቀን የሚሰማው ስሜት መሆን አለበት። በያቤሎና በአካባቢው የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የስፖርት መምህራን የሽንት መጥቆርን ምልክት ከደረቁ ወቅት መግቢያ በፊት ለቀጂዎችና ለሠልጣኞች ቢያስተምሩ፣ በጥቂት ወጪ ብዙ ኩላሊት ይድናል።