አንድ ካርቶን፣ አንድ ሕፃን፦ በሰቆጣ መጋዘን ባርኮድ ከማስገባትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አንድ ካርቶን ፕላምፒ ነት የተባለው አልሚ ምግብ 150 ከረጢት ይይዛል፤ እያንዳንዱ 92 ግራም ነው። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳን አንድ ሕፃን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ለማከም የሚበቃው በግምት ይኸው አንድ ካርቶን ነው። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ «ሦስት ካርቶን ጎደለ» ሲባል የጎደለው የሦስት ሕፃናት ሕክምና ነው። ከተማዋ የዚህን ክብደት ታውቃለች። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል የተጠራው በእሷ ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን።

እርስዎ የጤና ጽሕፈት ቤት፣ የእርዳታ ድርጅት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ከሆኑ፣ «ካርቶኑንና ፓሌቱን በባርኮድ እንከታተል» የሚል ሐሳብ አንድ ቀን ጠረጴዛዎ ላይ ይመጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ከመፈረምዎ በፊት የሚከተሉትን ይመርምሩ።

አሁን የሚጎድለው የት ነው?

ያለፉትን ሦስት ወራት ሞዴል 19 (የገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ) ከቢን ካርዱ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ይደጋገማል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ርክክብ ላይ ነው። ኤፍኤስአር መኪናው አመሻሽ ላይ ይደርሳል፣ ሹፌሩ ቸኩሏል፣ ጫኝና አውራጆቹ በሁለት በኩል ያወርዳሉ፣ ቆጣሪው አንድ ሰው ነው፤ አምስት አምስት እያለ በጠመኔ ግድግዳ ላይ ይሰርዛል። ሞዴል 19 የሚቆረጠው በማግስቱ፣ ከጭነት ሰነዱ ላይ ተገልብጦ ነው። በዚህ አሠራር ላይ ስካነር ቢጨመር በማግስቱ የሚገለበጠው ያው ቁጥር ነው። መጀመሪያ የሚወርደው በአንድ በር፣ የሚቆጠረው በሁለት ሰው፣ የሚፈረመው ሹፌሩ ሳይሄድ ይሁን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ፓሌቱ ሰቆጣ ይደርሳል ወይ?

ይህን የባርኮድ ሲስተሙ ሻጭ አይጠይቅዎትም፤ እርስዎ ግን ራስዎን ይጠይቁ። በዓለም አቀፉ የጂኤስ ዋን ደረጃ አንድ ፓሌት ባለ 18 አሃዝ የጭነት ቁጥር ይሰጠዋል። ያንን አንድ ቁጥር ሲያነቡ ሲስተሙ በላዩ ያሉትን ካርቶኖች ሁሉ አብሮ ይቀበላል፤ የፓሌት ባርኮድ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ነገር ግን ቁጥሩ እውነት የሚሆነው ፓሌቱ እንደታሰረ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። ፎርክሊፍት በሌለበት ካርቶኑ በትከሻ ይጫናል፤ የፓሌቱ እንጨት በተነሳበት መጋዘን ይቀራል። መንገድ ላይ ከሌላ ጭነት ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የፓሌቱ ቁጥር ሲስተሙ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፣ መሬት ላይ ግን የለም።

የእኔ ምክር፦ ሰቆጣ ላይ የሚከታተሉት ካርቶኑን ይሁን። ፓሌቱ የላኪው መጋዘን ጉዳይ ነው። ፓሌት በሚፈርስበት ቦታ ሁሉ «ፈርሷል» ብሎ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ የፓሌት ቁጥሩን ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ባርኮድ ምን ይላል?

አንድ ካርቶን አምጥተው ከባርኮዱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። በቅንፍ 01 ካለ ቀጥሎ ያለው 14 አሃዝ የምርቱ ቁጥር ነው። 10 ካለ የባች ቁጥሩ፣ 17 ካለ የሚያበቃበት ቀን፣ 21 ካለ የዚያ ካርቶን የብቻው ቁጥር ነው። 00 ደግሞ ከላይ ያልነው የጭነት ቁጥር ነው።

ብዙ ካርቶን ላይ የምርቱ ቁጥር ብቻ ታትሞ ያገኛሉ። ይህ ማለት የአንድ ምርት ካርቶኖች ሁሉ ባርኮድ አንድ ነው ማለት ነው። አንዱን ካርቶን አሥር ጊዜ ቢያነቡት ማሽኑ አሥር ካርቶን ገባ ይላል። ባርኮድ በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦሃዮ ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ የተነበበው የማስቲካ ጥቅል ነበር። እዚያ ገዢው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሁለቴ ቢነበብበት ወዲያው ይናገራል። መጋዘን ውስጥ የሚናገር የለም። እያንዳንዱን ካርቶን ለይተው መከታተል ከፈለጉ የብቻው ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ከፋብሪካው ካልመጣ እርስዎ ማተምና መለጠፍ ይኖርብዎታል። ሲለጥፉ የአምራቹን ባርኮድ አይሸፍኑ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒትን ጉዞ ለመከታተል ያወጣው መመሪያ የተመሠረተው በዚሁ የጂኤስ ዋን ደረጃ ስለሆነ፣ ያ ቁጥር ነገ ይፈለጋል።

ቀኑ ላይ ልቆይ፤ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነውና። ባርኮዱ ውስጥ 17 ቀጥሎ 270331 ቢል ማርች 31 ቀን 2027 ማለት ነው፤ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2019። ቢን ካርዱ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ሲስተሙ በፈረንጅ ይሠራል። አንዱ 27ን አይቶ በእኛ 2027 ነው ካለ፣ ጊዜው ያለፈበትን አልሚ ምግብ ከሰባት ዓመት በላይ ቀርቶታል ብሎ መደርደሪያ ላይ ሊያቆየው ነው። ሌላው ቢን ካርዱ ላይ 2019 የሚለውን በፈረንጅ አንብቦ ደኅናውን ካርቶን ለማስወገድ ይለየዋል። ሲስተሙ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያሳያል ወይ? ካላሳየ እስኪያስተካክሉት ድረስ አይቀበሉት።

ኔትወርክና መብራት

በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦበት እንደቆየ ለአካባቢው ሰው አይነገርም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ሻጩን በቃል አይመኑ፤ እፊትዎ ያሠሩት። ዳታውን ያጥፉና 200 ካርቶን ያስነብቡት። ከዚያ ስልኩን ያጥፉት፣ መልሰው ይክፈቱት። ሁለት መቶው አለ? ሁለት ሰዎች በሁለት ስልክ ያለ ኔትወርክ አንዱን ካርቶን ቢያነቡትስ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ሲስተሙ ስንት ይላል?

ወረቀቱ

ርካሹ ሌብል በሙቀት ብቻ የሚታተመው ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል። ሪባን ያለው ማተሚያ ይሻላል። ሌብሉ ከካርቶኑ በሁለት ጎን ይለጠፍ፣ ከባርኮዱ ግራና ቀኝ ያለው ነጭ ቦታ አይነካ፣ በላዩ ስኮች አይለፍበት።

መጨረሻ የሚነበበው የት ነው?

በሰኔ 2015 ለጋሾች የምግብ እርዳታውን በመላ አገሪቱ ሲያቆሙ ምክንያታቸው እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ወደ ሌላ መሄዱ ነበር። እርዳታው ለወራት ቆመ፤ የተጎዳውም ጥፋቱ ውስጥ ያልነበረበት ሰው ነው። ባርኮድ የሚያየው መጨረሻ እስከተነበበበት ቦታ ድረስ ነው። ካርቶኑ ከሰቆጣ ወጥቶ ዝቋላ፣ ሰሃላ ወይም ጻግብጂ ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሚያነብ ከሌለ፣ የሲስተሙ ሪፖርት «ወጣ» ይላል እንጂ «ደረሰ» አይልም። እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ አድርጎ የሚያቀርብ ሪፖርት አይፈርሙ። ከጤና ጣቢያ በኋላም ከረጢቱ ለእናቲቱ መድረሱን የሚያሳየው የሕፃኑ ካርድ ነው፤ ያንን የሚተካ ስካነር የለም።

ማር ለሚልኩ

የሰቆጣን ነጭ ማር አሽገው ለሚሸጡ ማኅበራት አንድ ነገር ልጨምር። የባርኮዱ የመጀመሪያ አሃዞች የሚያሳዩት ድርጅቱ ቁጥሩን ከየት እንዳወጣ ነው፤ ማሩ የት እንደተቆረጠ አያሳዩም። ማሩ የዋግ መሆኑን የሚያረጋግጠው ከአናቢው ሲረከቡ የሚሰጡት የባች ቁጥርና የቀበሌው ስም ነው። እሱ መዝገብ ላይ ከሌለ ባርኮዱ የሚወስደው ወደ ባዶ ገጽ ነው።

እንዴት ይጀምሩ?

በአንድ መስመር ይጀምሩ፤ ለምሳሌ ከሰቆጣ አምደወርቅ፣ ለሁለት ወር፣ በአንድ ምርት። በእነዚህ ወራት ወረቀቱ አይቅር። ስካነሩ 400፣ ሞዴል 19 ደግሞ 397 ባሉበት ቀን፣ ሹፌሩን አቁመው ካርቶኑን በእጅ ያስቆጥሩ፤ የልዩነቱን ምክንያት በዚያው ቀን በአንድ መስመር ይጻፉ። ሁለቱ ወር ሲያልቅ ከሻጩ ጋር የሚነጋገሩት ያንን ደብተር ይዘው ነው።