ጎተራው ሞልቶ ድስቱ አይጉደል
በሥራ ወቅት ቀላልና ወጪ ቆጣቢ የቤት ምግብ አዘገጃጀት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ (ባልና ሚስት አብራችሁ አንብቡት)

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
• ለክረምት የቤት ቀለብ የሚቀመጠውን ጥራጥሬ ማስላት፣
• ጥራጥሬን በጥቂት ማገዶና በጥቂት ድካም ማብሰል፣
• ለሕፃናት የሚሆን ምግብ ከራሳችሁ ምርት ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

1. መግቢያ

በአንድ የአረም ወቅት ማሳቸው ለጎረቤት ማስተማሪያ የሆነ አንድ አርሶ አደር ቤት ገባሁ። ባለቤታቸው ከአረም የተመለሱት ከእኛው ጋር ነበር። ልጆቹ እንጀራ በተበጠበጠ በርበሬ ይበላሉ። ጎተራው ውስጥ ግን ያለፈው ዓመት ባቄላ አለ። ለምን እንዳልተሠራ ስጠይቅ እናትየዋ፣ «ባቄላ ጊዜና እንጨት ይፈልጋል፤ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል?» አሉኝ።

መልሳቸው ትክክል ነበር። እኛ ባለሙያዎች በመስመር መዝራትን፣ ኮምፖስትን፣ የአረም ቁጥጥርን አስተምረናል። ምርቱ ከጎተራ ወደ ድስት እንዴት እንደሚደርስ ግን ብዙ አልተነጋገርንም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጅ ከተፀነሰበት ጊዜ አንስቶ 2 ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ የሚደርስ መቀንጨር በኋላ ለማስተካከል እጅግ ያስቸግራል። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ግብም ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ማስቀረት ነው። ይህ ግብ የሚሳካው እያንዳንዱ ቤት ድስቱን ሲያስተካክል ነው።

2. ለክረምት ስንት ይቀመጥ?

ብዙዎቻችሁ ጥራጥሬውን በጥርና በየካቲት ትሸጣላችሁ፤ በነሐሴ ደግሞ በውድ ዋጋ መልሳችሁ ትሸምታላችሁ። ከመሸጣችሁ በፊት የሚከተለውን ሂሳብ ሥሩ።

ቤታችሁ በቀን ግማሽ ኪሎ ጥራጥሬ ይበቃዋል እንበል። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ጳጉሜን ጨምሮ 95 ቀን ነው። 95 ቀን በግማሽ ኪሎ ሲባዛ 47 ኪሎ ተኩል ይመጣል። ስለዚህ የሚፈለገው ወደ ግማሽ ኩንታል ነው። ቤተሰባችሁ ከዚህ የበዛ ወይም ያነሰ ከሆነ ቁጥሩን በራሳችሁ ልክ ቀይሩት።

ይህን ድርሻ በደንብ አድርቃችሁ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ለብቻው አስቀምጡ። «የቤት ቀለብ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ጸረ ተባይ ኬሚካል የነካውን እህል ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘርን ለምግብ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ሽሮ፣ በሶና የልጆች ዱቄትም በበጋ፣ ሥራ ቀለል ሲል ይዘጋጁ።

3. ጥራጥሬን በቀላሉ ማብሰል

ደጋ ላይ ውኃ የሚፈላው ከቆላው ባነሰ ሙቀት ነው። ጥራጥሬ ለመብሰል የሚዘገየው በዚህም ምክንያት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ መዘፍዘፍና ሙቀትን አፍኖ መያዝ።

ሀ. መዘፍዘፍ

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት 1 ጣሳ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ ለቅማችሁና አጥባችሁ በ3 ጣሳ ውኃ ዘፍዝፉ። ጠዋት ውኃውን ድፉት፤ ሆድ የሚነፋውም ነገር ይቀንሳል። ምስርና የአተር ክክ ቶሎ ስለሚበስሉ ማደር አያስፈልጋቸውም።

ለ. የጭድ ቅርጫት ማዘጋጀት

1. ድስታችሁን ከነዙሪያው የሚይዝ ትልቅ ቅርጫት ወይም ካርቶን አዘጋጁ። የማዳበሪያ ወይም የኬሚካል ጆንያ አትጠቀሙ።
2. ከታችና ከዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል ውፍረት ያለው ደረቅ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቁ። መካከሉ ላይ ለድስቱ ልክ የሆነ ጉድጓድ ተዉ።
3. ንጹሕ ጨርቅ ሰፍታችሁ ጭድ ሙሉበት። ይህ ከላይ የሚጫን ትራስ ይሆናል።

ሐ. አጠቃቀሙ

1. የተዘፈዘፈውን በአዲስ ውኃ ጣዱ። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ድስት ይሁን፤ ከሁለት ሦስተኛው ያላነሰ ቢሞላ ሙቀቱን ይጠብቃል። ውኃው ብዙ ስለማይተን ከወትሮው ቀንሱት።
2. ለቁርስ ባነደዳችሁት እሳት ላይ ለ20 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ። በተለይ ቦሎቄ በደንብ ሳይፈላ ከተበላ ያሳምማል፤ ስለዚህ ይህን ደረጃ አትዝለሉ።
3. ክዳኑን ሳትከፍቱ አውርዱት። የድስቱን ቂጥ ጥረጉ፤ ፍም ተጣብቆ ከገባ ጭዱን ያቃጥላል።
4. ቅርጫቱ ውስጥ ከታችሁ ትራሱን ጫኑበት። ለ5 ሰዓት ያህል አትክፈቱት።
5. ስትመለሱ እንደገና አፍሉትና አጣፍጡት። ካልለሰለሰ ጥቂት ጨምሩለት።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከታችሁት ወደ አረም ብትሄዱ፣ በ6 ሰዓት ስትመለሱ ያገኙታል። እሳት የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም።

4. ሁለት የሥራ ቀን ምግቦች

የባቄላ ወጥ በጎመን። ሽንኩርት በጥቂት ዘይት አቁላሉ። የለሰለሰውን ባቄላ ጨምሩ። ጎመኑን መጀመሪያ እጠቡ፣ ከዚያ ክተፉ፤ ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ጥቅሙን ያሳጣዋል። 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቲማቲም ወይም ሎሚ የሚጨመረው ባቄላው ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ መብሰሉን ያዘገየዋል። አዮዲን ያለው ጨው በመጨረሻ ይግባ።

ሽሮ በአትክልት። ሽሮ እንደ ልማዳችሁ ሥሩ። ሊወርድ ሲል አንድ እፍኝ የተከተፈ ጎመን ወይም የተፈቀፈቀ ካሮት ጨምሩበት። ከጓሮ ስለሚገኝ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ቆየት ብላችሁ ጠጡ።

5. ለሕፃናት

ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። 3 ጣሳ እህል (ገብስ፣ በቆሎ ወይም ጤፍ) ከ1 ጣሳ ጥራጥሬ ጋር ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ አስፈጩ። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ወፈር ያለ ይሁን። በየጊዜው እንቁላል ወይም ወተት፣ ለስልሶ የበሰለ ጎመን ወይም ካሮት ጨምሩበት። እንቁላሉን ሁሉ ወደ ገበያ አትላኩ፤ የተወሰነው ለልጁ ይቅር።

በጾም ወቅት ብዙ እናቶች ዕቃው እንዳይነካካ ሲሉ ለልጁም እንቁላልና ወተት ይተዋሉ። ለልጁ የራሱ ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ብታዘጋጁለት ችግሩ ይቃለላል።

6. ጥንቃቄ ስለ ጓያ

ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ በተለይ ሌላ እህል ባነሰበት ጊዜ የዕለት ተዕለት ምግብ አታድርጉት።

7. ሠርቶ ማሳያ በማሠልጠኛ ማዕከል

ማዳበሪያ ያገኘና ያላገኘ ማሳ ጎን ለጎን አይታችሁ እንደፈረዳችሁ፣ ድስትም እንዲሁ ይፈተን። እኩል መጠን ያለው ባቄላ በሁለት ተመሳሳይ ድስት አዘጋጁ። አንዱ ያደረና በጭድ ቅርጫት የሚጨርስ፣ ሌላው ያላደረና እሳት ላይ የሚጨርስ ይሁን። ለሁለቱም በሚዛን እኩል እንጨት መድቡ። ሁለቱም ሲለሰልሱ የተረፈውን እንጨት መዝኑና ልዩነቱን ለቡድናችሁ አሳዩ።

8. የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ክረምት ከራሳችሁ ምርት ምን ገዝታችሁ በላችሁ? ስንት ብር አወጣችሁ?
2. ማታ ጥራጥሬ መልቀምና መዘፍዘፍ፣ ቅርጫቱን ማበጀት የማን ሥራ ይሁን? አባወራውስ የቱን ይያዝ?
3. ይህን ትምህርት የምታሳዩአቸው 5 ጎረቤቶች እነማን ናቸው?

ሞዴል የሚያሰኘው በኩንታል የሚለካው ምርት ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጉብኝት ከማሳው በኋላ የጭድ ቅርጫቱንም እናያለን። አዘጋጅታችሁ ጠብቁን።