ጉዳቱን እያወቀ ስለ ምን ያጨሳል?

ሲጋራ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት ዶልና ሂል የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በ1950 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥናት አሳይተዋል። በአገራችንም በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ማስጠንቀቂያው በፓኮው ላይ በሥዕል ጭምር እንዲታይ አዝዟል። ታዲያ አጫሹ ይህን ሁሉ እያየ ስለ ምን አይተውም?

ምክንያቱ አለማወቅ አይደለም። በትምባሆ ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ነገር አለ፤ ጢሱ በተሳበ ጊዜ በጥቂት ሴኮንዶች ወደ አንጎል ደርሶ ለጊዜው ደስ ያሰኛል። አንጎልም ይህን ከለመደ በኋላ ባጣው ጊዜ ሰውየው ይጨነቃል፤ ይቆጣል፤ አሳቡም ይበተናል። እንግዲህ የኋለኛውን ሲጋራ የሚለኩሰው የፊተኛው ያመጣበትን ጭንቀት ለማስታገሥ ነው። ሕመሙ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ፥ ዕረፍቱ ግን አሁኑኑ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ የቅርቡ ፍላጎት የሩቁን ፍርሃት ያሸንፈዋል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 7 የገለጸው የፈቃድ ትግል በዚህ ሰው ላይ ይታያል።

ስለዚህ የንስሓ አባቶች ሆይ፥ የሚያውቀውን ጉዳት እየደጋገማችሁ በመንገር ብቻ አትመልሱትም። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሲጋራ የሚታገሥ አጫሽ ፈቃዱ ፈጽሞ እንዳልሞተ ምስክር ነው፤ ከዚያ ትዕግሥቱ ጀምሩ። የሚተውበትን ቀን አብራችሁት ቍረጡ፤ ከሚያጨሱ ባልንጀሮቹ ጥቂት ይርቅ ዘንድ ምከሩት፤ ወደ ሐኪምም ላኩት። ብዙዎች ትምባሆን የተዉት ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ነውና፥ ቢወድቅ አንሡት እንጂ አታሳፍሩት።