የግብረ ገብ ችሎታ በምን ይለካል? በምንስ ያድጋል?

(ለጥናት፦ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12)

ነቢዩ ናታን ስለ ድኻው ሰው በግ በነገረው ጊዜ ንጉሥ ዳዊት ተቈጥቶ ፈረደ፤ ፍርዱም ቅን ነበር። ነገር ግን በደለኛው እርሱ ራሱ መሆኑን አላስተዋለም። በዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታዩናል። በጎውን ማወቅ አንድ ነው፤ የራስ ጥቅም ወይም የራስ ወገን በተነካ ጊዜ በዚያው በጎ ነገር መፍረድ ግን ሌላ ነው። ይህን ሁለተኛውን የግብረ ገብ ችሎታ እንለዋለን።

፩. ከጁባ የምንማረው

ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 2011 ነጻ ወጣች። በታኅሣሥ 15 ቀን 2013 ግን በዋና ከተማዋ በጁባ ውጊያ ተነሣ፤ ሰዎችም በጎሣቸው እየተለዩ ተገደሉ፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩም ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሰፈሮች ሸሹ። በሐምሌ 2016 በዚያችው ከተማ እንደ ገና ውጊያ ሆነ። የታደሰው የሰላም ውል በመስከረም 2018 የተፈረመው በአዲስ አበባ ነበር።

በጁባ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው። መግደል ኀጢአት መሆኑን ያልሰማ ማን ነበር? ስለዚህ የጎደለው ትእዛዙን ማወቅ ብቻ አልነበረም። ይህን የምንጽፈው በሌላው ለመፍረድ አይደለም፤ ከ2020 እስከ 2022 በገዛ አገራችን በሰሜን የሆነውን እናውቃለንና።

፪. እንዴት ይለካል?

አሜሪካዊው ሊቅ ሎረንስ ኮልበርግ በ1964 ይህን ችሎታ፣ ሰው በልቡ ባለው የግብረ ገብ መሠረት የመፍረድና በፍርዱም መሠረት የመሥራት ኀይል አድርጎ ተረጐመው። በጀርመን አገር በኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጌዎርግ ሊንድ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መለኪያ አበጁለት።

የመለኪያውን አካሄድ በምሳሌ እናስረዳ። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ የሰረቀው የወንድሙ ልጅ መሆኑን ዐወቀ፤ ብዙ ካሰበም በኋላ ለሹማምንት ነገረ እንበል። ተጠያቂው በመጀመሪያ «ደግ አደረገ» ወይም «ክፉ አደረገ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያም የሚደግፉና የሚቃወሙ ምክንያቶች ይቀርቡለታል። «ዝም ቢል ከሥራው ይባረር ነበር» የሚል ደካማ ድጋፍ አለ፤ «የሁሉም ልጆች የመማር መብት እኩል ነው» የሚል ጽኑ ድጋፍም አለ። «ዘመዶቹ ይመቱታል» የሚል ደካማ ተቃውሞ አለ፤ «አስቀድሞ ልጁን መክሮ በሽማግሌዎች ፊት ሊያስክስ ይገባ ነበር» የሚል ጽኑ ተቃውሞም አለ።

መለኪያው ዘበኛውን ማመስገናችንን ወይም መንቀፋችንን አይቈጥርም። የሚመለከተው ምክንያቱን በክብደቱ መመዘናችንን ነው። የተቃዋሚውን ጽኑ ምክንያት «ጽኑ ነው»፣ የራሱንም ወገን ደካማ ምክንያት «ደካማ ነው» ለማለት የቻለ ሰው ችሎታው ከፍ ያለ ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይሰጣል። ይሁን እንጂ መለኪያው የተበጀው ትምህርቱ መጥቀሙን ለመመርመር ነው እንጂ እያንዳንዱን ሰው ለመሾም ወይም ለመሻር አይደለም።

፫. እንዴት ያድጋል?

ደቡብ ሱዳን በ2015 ባወጣችው ሥርዓተ ትምህርት የሰላም ትምህርትን አስገብታለች፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ዋና እንዲውጥ የሚፈልግ ልጅ ስለ ውኃ በመስማት ብቻ አይዋኝም፤ ይህም ችሎታ በልምምድ ያድጋል።

ሊንድ ያዘጋጁት ልምምድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። መምህሩ አስጨናቂውን ታሪክ ይነግራል፤ ተማሪዎቹም እጃቸውን አንሥተው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ሕጉ ሁለት ነው። ማንኛውንም ሐሳብ መናገር ይፈቀዳል፤ ሰውን መንቀፍም ሆነ ማወደስ ግን አይፈቀድም። የተናገረውም ሰው ከተቃራኒው ወገን የሚመልስለትን ራሱ ይጠራል። በመጨረሻ እያንዳንዱ «ከተቃዋሚዎቼ ምክንያቶች የተሻለው የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መምህሩም አይፈርድም፤ ሥርዓቱን ብቻ ይጠብቃል።

የባሪ፣ የዲንካና የኑዌር ልጆች በአንድ ወንበር በሚቀመጡባት ጁባ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የጠላትን ወገን ቃል ሰምቶ «በዚህስ እውነት አለህ» ለማለት የለመደ ልጅ፣ አድጎ መሣሪያ በተሰጠው ጊዜ ከመተኰሱ በፊት ቆም ብሎ ሊያስብ ይችላል። በእኛም ቤት እንዲሁ ነው።

ለመወያያ

1. ዳዊት በሌላው ላይ በትክክል ፈርዶ ራሱን ያላየው ስለ ምንድር ነው?
2. በቤታችን ልጆች ከታላላቆቻቸው የተለየ ሐሳብ ቢናገሩ እንሰማቸዋለን ወይስ ዝም እናሰኛቸዋለን?
3. ባለፈው ጠባችን የተቃዋሚያችን ጽኑ ምክንያት የትኛው ነበር?

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳንመልስ ከጉባኤ አንነሣ።